ፔትሪኮር ምንድን ነው?

ፔትሪኮር ማለት ዝናብ ለረጅም ጊዜ ደርቆ በከረመ መሬት ላይ ሲወርድ የሚነሳው ደስ የሚል ሽታ ነው። ሽታውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቃሉን ግን በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው እንኳ ላያውቀው ይችላል።

እኛ “ዝናብ ዝናብ ይሸታል” ብለን እናልፈዋለን። አባባሉን እወደዋለሁ። ግን የሚሸተው ዝናቡ ሳይሆን መሬቱ ነው።

አጻጻፉ ብዙ ሰው ያሳስታል። ፒ፣ ኢ፣ ቲ፣ አር፣ አይ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ አር፤ ዘጠኝ ፊደል። ጣጣው ያለው ሲ እና ኤች ጋ ነው። ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ ብዙ ጊዜ “ች” ስለሚባሉ “ፔትሪቾር” ብሎ የሚያነብ አለ። በጆሮው ብቻ የሰማው ደግሞ ሲጽፍ ኤቿን ይገድፋታል። ቃሉ ግን የግሪክ ዘር ነው፤ ከግሪክ በመጡ ቃላት ውስጥ ሁለቱ ፊደላት “ክ” ይሆናሉ። ኬሚስትሪን አስቡ፤ ቴክኖሎጂን አስቡ። ክርስቶስ የሚለው ስም ራሱ በእንግሊዝኛ የሚጀምረው በእነዚሁ ፊደላት ነው።

ቃሉን ለሁለት ስንከፍለው የመጀመሪያው ክፍል “ፔትራ” ነው፤ ዐለት ማለት ነው። ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ጴጥሮስ የሚለው ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ፔትሮሊየምም “የዐለት ዘይት” ማለት ነው።

ሁለተኛው ክፍል “ኢኮር” ነው፤ ውበቱም ያለው እዚህ ጋ ነው። በጥንት ግሪኮች ተረት ኢኮር በአማልክት የደም ሥር ውስጥ የሚፈሰው ነገር ነው። የጥንቱ የግሪክ ገጣሚ ሆሜር ኢሊያድ በተባለው ረጅም ግጥሙ አምስተኛ ክፍል አንድ ትዕይንት አለው። የፍቅር አምላክ የሆነችው አፍሮዳይት የቆሰለ ልጇን ከጦር ሜዳ ልታወጣ ስትሞክር ዲዮሜዲስ የተባለ የግሪክ ጦረኛ እጇን በጦር ይወጋታል። የሚፈሰው ግን ደም አይደለም። አማልክት እህል አይበሉም፣ ወይን አይጠጡም፤ ስለዚህ ደም የላቸውም፣ ያላቸው ኢኮር ነው ይላል ገጣሚው። እንግዲህ ፔትሪኮር ስንል “የዐለት ኢኮር” እያልን ነው።

ሥሮቹ እንዲህ ይርቁ እንጂ ቃሉ ራሱ ገና ወጣት ነው። የፈጠሩት በአውስትራሊያ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኢዛቤል ጆይ ቤር እና ሪቻርድ ቶማስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት። ደረቅ ዐለትና ሸክላ አፈር ወስደው በእንፋሎት ሲያጣሩ ቢጫ መሳይ ዘይት ወጣላቸው። በደረቁ ወራት ዐለቱና አፈሩ መጥጠው የያዙት ዘይት ነው። ዝናብ ሲመጣ ይለቀቃል። ከዐለት ውስጥ የሚወጣ ፈሳሽ ካገኙ በኋላ ኢኮር ማለታቸው በጣም የተሳካ ስያሜ ይመስለኛል።

ሽታውን ሰው ከቃሉ በፊት ሲመኘው ኖሯል። በህንድ፣ ካናውጅ በምትባል ከተማ የተጠበሰ ሸክላ አፈር አጣርተው “ሚቲ አታር” የሚባል ሽቶ ያወጣሉ። ሚቲ አፈር ማለት ነው።

ዘይቱ ግን ብቻውን አይደለም። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጂኦስሚን የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታሉ፤ ያ እርጥብ አፈር አፈር የሚለው ጠረን የእሱ ነው። አፍንጫችን ለጂኦስሚን እጅግ ስል ነው። አየር ውስጥ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ቢኖር እንኳ ይለየዋል።

ሽታው ከመሬት ተነስቶ አፍንጫችን ጋ እንዴት ይደርሳል? ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በፈጣን ካሜራ ቀረጹት። ጠብታው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው መሬት ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ይታፈናሉ። አረፋዎቹ በውሃው ውስጥ ሽቅብ ወጥተው ለስላሳ መጠጥ ላይ እንደሚታየው ይፈነዳሉ፤ ሲፈነዱም ሽታውን የተሸከመ ብናኝ ወደ አየር ይረጫሉ። ዶፍ ሲወርድ አረፋው ለመፈጠር ፋታ አያገኝም። ቀስ ብሎ የሚወርድ ዝናብ ነው ብናኙን አብዝቶ የሚያስነሳው።

ዝናቡ ሳይጀምር፣ መብረቅ ሲበርቅ አፍንጫ የሚነካው ሰላ ያለ ሽታ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ኦዞን ነው። ፔትሪኮር የሚባለው ጠብታው መሬት ከነካ በኋላ የሚመጣው ነው።