ኦቲዝም በትንንሽ ልጆች፦ ምልክቱ፣ ምርመራውና የሚያግዘው ቴራፒ

ኦቲዝም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ሁኔታ ነው። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትን፣ የሚጫወትበትን፣ ድምፅና ብርሃን የሚሰማበትን ሁኔታ ለየት ያደርገዋል። አንዱ ልጅ ጨርሶ አይናገርም፤ ሌላው ስለ ባቡር ብቻ ሳያቋርጥ ያወራል። ሁለቱም ኦቲዝም አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ2 ዓመት በፊት ነው። ወላጅን መጀመሪያ የሚያሳስበው አለመናገሩ ቢሆንም፣ ከንግግር በፊት የሚመጣውን ነገር ማየት ይሻላል። ጣት መቀሰርን እንውሰድ። የ1 ዓመት ተኩል ልጅ አውሮፕላን ሲያይ ወደ ሰማይ ይጠቁማል፤ ከዚያ ዞር ብሎ የእናቱን ፊት ያያል። «አየሽው?» ማለቱ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ይህን ላያደርግ ይችላል። በር እንዲከፈትለት ሲፈልግ ደግሞ የእናቱን እጅ ይዞ እጀታው ላይ ያስቀምጣል፣ ፊቷን ግን አያያትም። ስሙ ሲጠራ አለመዞር፣ የመኪናውን ጎማ ብቻ እያሽከረከሩ መቆየት፣ እጅን ማርገብገብ፣ የቤት ማሽን ሲጮህ ጆሮ ይዞ መሸሽም አብረው ይታያሉ። አንዳንዱ ልጅ ጥቂት ቃላት ከጀመረ በኋላ መልሶ ይተዋቸዋል። እንዲህ ሲሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ማማከር ነው።

የሚናገሩት ላይም ለየት ያለ ነገር አለ። ልጁ ሲጠማው «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይላል። ሁልጊዜ ሲጠየቅ የሚሰማው እንደዚያ ነዋ! የሰሙትን መድገም ከንቱ ልፍለፋ ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ መልእክት አለው። ሴቶች ልጆች ላይ ምልክቱ ቶሎ ላይነቃበት ይችላል፤ «ዝምተኛ ናት» ተብሎ ይታለፋል።

ለምን ይመጣል? አንድ ምክንያት ብቻ የለውም፤ የዘር ውርስ ግን ትልቅ ድርሻ አለው። ሊዮ ካነር የተባለ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በ1943 የ11 ልጆችን ሁኔታ ጽፎ ካወጣ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ጥፋቱ «ፍቅር የነፈገች» እናት ላይ ሲለጠፍ ኖሯል። በ1977 መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት የዘር ውርስን ድርሻ ካሳየ ወዲህ ያ ወሬ መሠረት አጣ። ክትባትን ተጠያቂ ያደረገው የ1998 ጽሑፍም በ2010 ከታተመበት መጽሔት ተሰርዟል። የክትባቱ ወሬ ግን ዛሬም አልሞተም፤ ያሳዝናል።

በደም ምርመራም ሆነ በአንጎል ምስል ኦቲዝምን ማወቅ አይቻልም። ባለሙያ ልጁን ያያል፣ አብሮት ይጫወታል፣ ወላጅን ይጠይቃል። ከዚያ በፊት የመስማት ችሎታው መመርመር አለበት፤ የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት አይዞርም። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ኤም-ቻት የሚባል ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ አለ። ልጁ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ይጠቁማል እንጂ «አለበት» ብሎ አይፈርድም። አሜሪካውያን የሕፃናት ሐኪሞች በ18 እና በ24 ወር እያንዳንዱ ልጅ እንዲታይ ይመክራሉ። «አባቱም አፉን የፈታው ቆይቶ ነው» የሚለው ማጽናኛ ከዚህ ዕድሜ በላይ መጠበቂያ መሆን የለበትም። ቴራፒ ለመጀመርም የመጨረሻውን የምርመራ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም።

የንግግር ቴራፒ ቃል ማስጠናት ብቻ አይደለም፤ ልጁ የፈለገውን በሆነ መንገድ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። በሥዕል ካርድ፣ በምልክት፣ በታብሌት ሊሆን ይችላል። ብዙ ወላጆች «ካርድ ከለመደማ መናገሩን ይተዋል» ብለው ይፈራሉ። ጥናቶች ይህን አይደግፉም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ልጆች ንግግራቸው ይጨምራል። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ልብስ መልበስን፣ ማንኪያ መያዝን፣ ድምፅና ንክኪን መቋቋምን ያግዛል። ኤቢኤ የሚባለው፣ የሚፈለገውን ባሕርይ በሽልማት እያበረታቱ የሚያስተምሩበት ቴራፒ በስፋት ይሠራበታል፤ ግን አከራካሪ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ አዋቂዎች፣ ልጅን «እንደ ሌላው» ለማስመሰል ሲባል ማስጨነቅን ይቃወማሉ። እውነት አላቸው።

ለትንንሾቹ የሚመረጠው በጨዋታ ውስጥ የሚሰጠው ነው። ቴራፒስቷ የሳሙና አረፋ ትነፋለች፤ ልጁ ይስቃል። ከዚያ ቆም ብላ ዝም ትላለች። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ። ልጁ ቀና ብሎ ያያታል፣ ወይም «አ» ይላል። ወዲያው ትነፋለታለች። ይህን እናትም አባትም ቤት ውስጥ ሊያደርጉት ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠናም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው፦ 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት።

ስለዚህ ቴራፒስት ሲመረጥ ወላጅ ገብቶ እንዲያይ ይፈቀዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ግቡ ምን እንደሆነ፣ ልጁ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግም ይጠየቅ። በር ዘግቶ የሚሠራ ሰው ጋ ልጅ አይተውም። «አድነዋለሁ» የሚል ካለም ጥሎ መውጣት ነው። ከሰውነት እንደ ሜርኩሪ ያለ መርዛማ ብረት ያወጣል የሚባለው መድኃኒት ሕይወት አጥፍቷል፤ በረኪና የሚያጠጡም አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የማይናገር ልጅ ድንገት ጭንቅላቱን ማጋጨት ወይም ሌሊት መጮህ ከጀመረ፣ ሁሉንም በኦቲዝም ከማሳበብ በፊት ጆሮው፣ ጥርሱና የሆድ ድርቀቱ ይታይ።