የክፍል ገበታ በወሎ የንባብና የጽሕፈት ትምህርት

የክፍል ገበታ መምህሩ አንድ የንባብ ወይም የጽሕፈት ትምህርት ሲያስተምር ከተማሪዎቹ ጋር እየተነጋገረ በትልቅ ወረቀት ላይ የሚጽፈው ነው። ትምህርቱ ካለቀ በኋላም ልጆቹ እያዩ እንዲሠሩበት ግድግዳ ላይ ይቆያል። ስልቱ በተለይ በአሜሪካ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋ ሲሆን እዚያ አንከር ቻርት ይሉታል፤ መልሕቅ መርከቧን እንደሚይዝ ገበታውም ትምህርቱን ይዞ ያቆያል ለማለት ነው። እኛ ዘንድ በደፈናው ቻርት ይባላል። ችግሩ ከሱቅ የተገዛው የእንስሳት ሥዕልም፣ ሠዓሊ ግድግዳው ላይ የጻፈው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲም በዚሁ ስም መጠራቱ ነው። እነዚህ ልጁ ሳይመጣ ተሠርተው ያለቁ ናቸው። የክፍል ገበታ ግን የሚጻፈው በልጆቹ ፊት ነው፤ ቃሉን የሚያዋጡት እነሱ፣ የሚያቃናውና የሚጽፈው መምህሩ።

ሁለቱ የቆዩ ሰሌዳዎች

ሰሌዳ እያዩ መማር ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ታላቅ የትምህርት ቦታ ነበር፤ ዋድላም ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ከስመ ጥሩ የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። በእስልምናውም በኩል ዳና፣ ጀማ ንጉሥና ሾንኬ ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ከየአገሩ የሚሰበሰብባቸው የዕውቀት ቦታዎች ሆነው ኖረዋል፤ የወሎ ሸኾች የአማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል፣ በአጀሚ፣ ጽፈው አቆይተዋል።

የቄስ ተማሪ የፊደል ገበታውን ይዞ በስንጥር እየነካ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ ይቆጥራል። ዜማው እየጎተተው ዓይኑ ሆሄውን ሳያይ አፉ ሊያልፍ ይችላል። የኔታም ይህን ስለሚያውቁ ቁጥሩን ገልብጠው ያስቆጥሩታል። አቡጊዳም ለዚህ ይጠቅማል፤ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ብሎ ሲነሣ በቃል የተያዘው ቅደም ተከተል ይፈርስና ልጁ መልኩን ለይቶ ለማየት ይገደዳል። የቁርኣን ተማሪ ደግሞ ለውሕ የሚባል የእንጨት ሰሌዳ አለው። የዕለቱ ትምህርት በቀለም ይጻፍበታል፤ ልጁ በቃሉ ሲይዘው ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል።

በእኔ እምነት የክፍል ገበታ ከፊደል ገበታው ይልቅ ለለውሕ ይቀርባል። የፊደል ገበታ ለሁሉም ልጅ አንድ ነው፣ ዓመት ከዓመትም አይለወጥም። ለውሕ ላይ ያለው ግን ይህ ልጅ ዛሬ የደረሰበት ነው።

በፊደል ትምህርት

የአማርኛ ፊደል ብዙ ጊዜ 33 ተብሎ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ 7 መልክ ስላለው 231 ሆሄ ይሆናል፣ እንደ ሏና ቧ ያሉት ዲቃሎች ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የአንደኛ ክፍል ልጅ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ልሸምድድ ካለ ይደክማል። ሥርዓቱን ካየ ግን ብዙው በራሱ ይገለጥለታል። ጥሩ መምህር «ካዕብን በምን እናውቀዋለን?» ብሎ ከወረቀቱ አናት ላይ ይጽፍና ቡ፣ ሉ፣ ሱ፣ ኩን ጎን ለጎን ያሰፍራል። ልጆቹ ከቀኝ ወገቡ ላይ የምትወጣውን ቅጥያ ራሳቸው ያገኟታል፤ መምህሩም ያሉትን በእነሱው ቃል ይጽፋል። ከዚያ ሩና ፉ ይመጣሉ፤ እነሱ ደንቡን ስለማይከተሉ ከታች ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ሳድስ ከሁሉም ይበልጥ መልኩ ስለሚለያይ ገበታው አንድ ሳምንት ሙሉ ቢሞላ አይገርምም። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ዘና ዠ፣ ደና ጀ ደግሞ ለሌላ ገበታ ይሆናሉ፤ ሁለተኛው የፊተኛውን ቅርጽ ወስዶ አናቱ ላይ መስመር የጨመረ ነው።

ሞክሼ ፊደላት ላይ ሲደረስ ወሎ ለመምህሩ የተመቸ አገር ነው። ሞክሼ ማለት ስመ ተጋሪ ነው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው ይለያያል። እነዚህን ለማስተማር ከተማሪ ስም ዝርዝር የተሻለ ነገር አላውቅም። ወሎ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉና ከአንድ ክፍል ሀብታሙ፣ ሐዋ እና ኃይሉ ይገኛሉ፤ ሰይድና ሠናይት፣ አስናቀና ዓሊም እንደዚሁ። ስሞቹ በየፊደላቸው ሥር ገበታው ላይ ሲሰፍሩ ልጁ የራሱን ስም ፊደል አይረሳም፤ የጓደኛውንም ቶሎ ይለምዳል። ስሙን ግድግዳ ላይ ያየ ልጅ ክፍሉ የእሱ እንደሆነም ይሰማዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የማይጻፈው ነገር ነው። የአማርኛ ጽሕፈት ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ መዋኘት፣ ሲጠብቅ ዐቢይ የሆነው ነው። «አለ»ም «ተናገረ» ወይም «ይገኛል» ሊሆን ይችላል። ልጁ ፊደሉን በትክክል ለይቶ ቃሉን በተሳሳተ ድምፅ ሊያነብ ይችላል፤ ይህ ስንፍና አይደለም፣ ከዐረፍተ ነገሩ ላይ ትርጉሙን መፈለግ ገና አልለመደም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ገበታ ነጠላ ቃላትን ብቻ ቢዘረዝር ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ ቃል በሁለት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ መታየት አለበት፤ «ገና አልደረሰም» እና «ገና ደረሰ» አንዱ ከሌላው ሥር።

ከሚሴን ማዕከል ባደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ትምህርቱ በአፋን ኦሮሞና በላቲን ፊደሉ በቁቤ በሚሰጥባቸው ክፍሎች ነገሩ ይገለበጣል። በቁቤ የሚጠብቅ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ረዥም አናባቢም እንደዚሁ። እዚያ ገበታው የሚያስተምረው ጆሮ የሰማውን ቆጥሮ መጻፍን ነው። ሁለቱን ቋንቋ የሚማር ልጅ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ የተለየ ቀለም መጠቀም ይረዳል።

በጽሕፈት ትምህርት

ከፍ ባሉት ክፍሎች ገበታው ወደ አንቀጽ አጻጻፍ ይሻገራል። የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዘው ዐረፍተ ነገር በመማሪያ መጻሕፍት «ኃይለ ቃል» ይባላል፤ ልጅ ትርጉሙን በቃሉ ሊወጣው ይችላል፤ ጻፍ ሲሉት ግን ይጠፋዋል። «ባቲ ሰኞ ሰኞ ትደምቃለች» የሚል ዐረፍተ ነገር ከላይ ተጽፎ «እንዴት ነው የምትደምቀው?» ሲባል ግን ገበያውን የሚያውቁት ልጆች ዝም አይሉም፤ ግመሉ፣ ከአፋር በኩል የሚመጣው ሰው፣ ከደጋ የሚወርደው እህል ይመጣል። መምህሩ ሁሉንም ይጽፋል፤ ከዚያ ስለ ባቲ ድምቀት የማይናገረውን አብረው ይሰርዛሉ። የተሰረዘው ሳይጠፋ በላዩ ላይ መስመር ብቻ ተሰምሮበት ቢታይ ይሻላል፤ ልጁ ጽሑፍ እየተሠራ እንደሚስተካከል የሚያየው ከዚያ ነውና።

ቅደም ተከተልን ለማስተማር ቡና ይበቃል። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። «መጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «ከዚያም»፣ «በመጨረሻም» የሚሉት አያያዥ ቃላት በየቦታቸው ሲገቡ ገበታው ስለ አያያዥ ቃላት ብቻውን ከተዘጋጀ ትምህርት ይልቅ ይገባቸዋል። ሥርዓተ ነጥብም እንዲሁ ነው፤ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ በራሳቸው ጽሑፍ ላይ ሲገቡ ይታወሳሉ።

ከምን ይሠራል

ፍሊፕ ቻርት ወረቀትና ማርከር ያለበት ትምህርት ቤት ጥሩ ነው። በሌለበት የማዳበሪያ ከረጢት ተቀዶ ይዘረጋና በቀለም ይጻፍበታል፤ ካርቶንም ያገለግላል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ፕላስተር አይዝም፤ ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሮ ማንጠልጠል ይቀላል። ክፍሉ በፈረቃ ሁለት ቡድን የሚያስተናግድ ከሆነ ጠዋት የገቡት ከሰዓት የሚመጡትን ገበታ እንዳይነኩ ቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ፊደሉ ከኋላ ወንበር የሚነበብ ይሁን፤ ክፍሉ በተጨናነቀ ቁጥር በአንድ ገበታ የሚጻፈው ማነስ አለበት። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ብዙ የወሎ ትምህርት ቤቶች ሲዘረፉና ሲጎዱ መጻሕፍትም አብረው ጠፍተዋል። አንድ መጽሐፍ ለብዙ ልጅ በሚዳረስበት ክፍል ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያነበው ግድግዳው ላይ ያለውን ነው፤ ለእንዲህ ያለ ክፍል ይህ ስልት ቅንጦት አይደለም።

የሚያሳዝነው እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ መምህሩ ማታ ቤቱ ተቀምጦ አሳምሮ ጽፎ የሚሰቅለው ነው። ድካሙ እውነተኛ ነው፤ ልጆቹ ግን ሲጻፍ አላዩትምና አይመለከቱትም። ግድግዳውን የሸፈነው ብዛትም እንደዚያው ነው፤ ሃያ ገበታ ባለበት ክፍል ልጁ የሚፈልገውን አያገኝም። ጥሩው ምልክት ልጁ እየጻፈ ሳለ ቀና ብሎ አይቶ ወደ ደብተሩ ሲመለስ ነው። ይህን የማያደርግበት ገበታ ወይ ተምሮታል ወይ አልገባውም፤ መምህሩ ገበታውን ሸፍኖ በመጠየቅ ይለየዋል።

ያወቁት ገበታ ይወርዳል። ታጥፎ ወደ ትምህርት ቤቱ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል ቢገባ ለክለሳ ይጠቅማል፤ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ልጆቹ በአንድ ወቅት የከበዳቸውን ያዩበታል። ከረጢት ከሆነ ደግሞ ጀርባው ንጹሕ ነው፤ ተገልብጦ ለሚቀጥለው ትምህርት ይወጠራል።