የድሬ በጀት፦ ከወንበር ክፍፍል እስከ ደቻቱ ግንብ

ድሬዳዋ የየትኛውም ክልል አካል አይደለችም፣ ተጠሪነቷ ለፌደራል መንግስት ነው። የሚገርመው ግን ህገ መንግስቱን ከላይ እስከታች ብታነቡት ስሟ የለም፣ አንቀፅ 49 ስለ አዲስ አበባ ያወራል፣ ስለ ድሬ ዝም ነው። የቆመችው በ1996 በወጣው የቻርተር አዋጅ ቁጥር 416 ላይ ነው። በጀቷን ለማውራት ከዚህ መነሳት የግድ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ በርጫ ላይ "ብሩ የት ገባ" ብሎ የጀመረ ወሬ ሁለተኛው ሻይ ሳይመጣ "ከተማዋ የማን ናት" ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

ነገሩ የመጣው ኦሮሚያም ሶማሌ ክልልም ድሬ የኔ ናት ስላሉ ነው፣ ለአንዱ ሲሰጥ ሌላው ስለሚያኮርፍ በፌደራል ስር ተደረገች። ከዛ ውስጧን ማን ያስተዳድር ሲባል 40-40-20 የሚባለው ክፍፍል መጣ፣ ከስልጣን ወንበሩ 40 ከመቶ ለኦሮሞው ፓርቲ ለኦህዴድ፣ 40 ለሶማሌው ፓርቲ ለሶህዴፓ፣ የቀረው 20 ለሌላው ሁሉ፣ ከንቲባነቱ ደግሞ በሁለቱ ፓርቲዎች በተራ። በ1999 ቆጠራ መሰረት የአስተዳደሩ ህዝብ 341,834 ነበር፣ ኦሮሞ 46 ከመቶ ገደማ፣ ሶማሌ 24፣ አማራ 20፣ ጉራጌ 4.5። እንግዲህ ቁጥሩን ከክፍፍሉ ጋር አስቀምጡና እዩት፣ ብዙ ሰው ለምን እንደተናደደ ይገባል። ክፍፍሉ ባይኖር ከተማዋ የሁለት ክልል ጠብ ሜዳ ትሆን ነበር ብለው የሚከራከሩም አሉ፣ ይሄም ዝም ብሎ የሚጣል ክርክር አይደለም። በ2011 ወጣቱ አደባባይ ሲወጣ ዋናው ጥያቄ ይሄው ክፍፍል ነበር። በ2012 ሁለቱም ፓርቲዎች ብልፅግና ውስጥ ገቡ፣ ስለዚህ ድሮ በሁለት ፓርቲ መሀል የነበረው ድርድር አሁን አንድ ፓርቲ ቤት ውስጥ ነው የሚያልቀው፣ ውጪ ላለው ሰው ደግሞ የቤት ውስጥ ነገር አይሰማም።

እኔ እንደማየው የክፍፍሉ ትልቁ ጉዳት ወንበሩ ላይ አይደለም፣ በጀቱ ላይ ነው። አንድ ቢሮ "የነእገሌ ነው" ከተባለ በኋላ ሰው የሚጠይቀው ማን ፈረመ ነው፣ ምን ተገዛ፣ በስንት ተገዛ፣ ሰራ ወይ የሚለውን የሚጠይቅ ይጠፋል። የራሱን ወገን ሃላፊ መጠየቅ ለሌላው በር መክፈት ይመስለዋል፣ የሌላውን ሲጠይቅ ደግሞ ዘረኛ ይባላል፣ በቃ ሁሉም ዝም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ አዲስ አበባ በራሷ ገቢ ነው የምትኖረው፣ ድሬ ግን እንደ ክልሎቹ በፌደሬሽን ምክር ቤት ቀመር የሚሰላ ድጎማ ታገኛለች፣ በዛ ላይ ግብር፣ ሊዝ፣ የአገልግሎት ክፍያ ምናምን ይጨመራል። ቀመሩ ውስጥ የህዝብ ብዛት ትልቅ ቦታ አለው፣ ግን ከ1999 ወዲህ ቆጠራ ስለሌለ የሚሰራው በትንበያ ነው፣ ከተማዋ ደግሞ ከሐረርጌ ገጠርም ከሌላውም የሚመጣ ሰው ሲሞላት ነው የከረመችው። ሌላ የሚረሳ ነገር፣ ድሬ ሲባል ከዚራና መጋላ፣ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ የሚባሉት ሰፈሮች ብቻ አይደለም፣ ከከተማው ሌላ ብዙ የገጠር ቀበሌዎች አሉ፣ እነሱም ጤና ኬላ፣ መንገድ፣ የእንስሳት ውሃ ይፈልጋሉ። የከተማው ሰው በጀት ሲያማ ገጠሩን አይቆጥርም።

የበጀት አመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ፌደራሉ ካፀደቀ በኋላ ካቢኔው ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያፀድቃል። በዛው ሐምሌ አነስተኛ ግብር ከፋዩ ይሰለፋል፣ ማለትም ባለሱቁ ወረፋ ላይ ቆሞ ግምቱ በዛብኝ እያለ ሲያማርር ምክር ቤቱ የሚቀጥለውን አመት ወጪ ያፀድቃል፣ ሁለቱ ነገር የማይገናኝ ይመስል። ከፀደቀው ውስጥ ደሞዝና የቢሮ ወጪ መደበኛ በጀት ይባላል፣ ግንባታው ካፒታል ነው። ሰው የሚጨቃጨቀው ካፒታሉ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጨረታ ያለው እዛ ነው፣ ተቋራጭ ያለው እዛ ነው፣ የዋጋ ማስተካከያ የሚጠየቀውም እዛ ነው። ከዛ ሰኔ ሲደርስ ያልወጣ ብር ይመለሳል ተብሎ ግዢ ይጣደፋል፣ ይሄ የድሬ ብቻ በሽታ አይደለም የሀገሩ ነው፣ ግን ወደ አርባ ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ውስጥ ሆናችሁ ፋን የሌለው ክፍል ያለበት መስሪያ ቤት አዲስ ወንበር ሲያራግፍ ስታዩ ያበሽቃል። ዋናው ኦዲተር ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው፣ ሪፖርቱ ይቀርባል፣ ይደመጣል። ከዛ በኋላ ያለው ነው ችግሩ፣ አስፈፃሚውም ምክር ቤቱም የአንድ ፓርቲ ስለሆነ ጠያቂና ተጠያቂ ማታ ግምገማ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

የሰሞኑ ትልቁ ክርክር የኮሪደር ልማት ነው፣ በ2016 አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ ድሬንም ሐረርንም ደረሰ። መብራቱ፣ የእግረኛ መንገዱ፣ አረንጓዴው አያምርም የሚል ያለ አይመስለኝም፣ ማታ ልጅ ይዞ የሚንሸራሸረው ሰው ይመሰክራል፣ በቀን የሙቀት ከተማ ስለሆነች ድሬ የምትኖረው ማታ ነው። ጥያቄው ቅደም ተከተሉ ነው። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ ዋናው ጉድጓድ ያለው ሳቢያን አካባቢ ነው፣ ውሃው ኖራ ስለሚበዛው ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሰራል፣ ቧንቧው ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው። መሬት ውስጥ የሚቀበር ቱቦ ሪባን አይቆረጥለትም፣ ጎብኚም አይመጣለትም፣ ስለዚህ ሁሌ ለሚቀጥለው አመት ይተላለፋል። ጎረቤታችን ሐረርም ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀበት ጊዜ ወዲህ ውሃዋን ከቆላ፣ ከድሬ ጃራ፣ በፓምፕ ወደ ላይ እየገፋች ነው የምትጠጣው፣ የመብራት ወጪውን አስቡት።

ትልልቅ የሚባሉት ነገሮች ደግሞ በአብዛኛው የከተማው ውሳኔ አይደሉም። አዲሱ ባቡር፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በነሐሴ 2014 የተጀመረው ነፃ የንግድ ቀጠና፣ ሁሉም የፌደራል ናቸው። ከድሮም እንዲሁ ነው። ታህሳስ 1895 ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋን የቆረቆራት፣ ከዚራን በመስመር የዘረጋው የባቡሩ ካምፓኒ ነው፣ ማለት የድሬ የመጀመሪያ ካፒታል በጀት የተወሰነው ሼመንደፈር፣ ማለትም የባቡሩ ካምፓኒ ቢሮ ውስጥ ነበር።

ታዲያ ሁሉም ወገን ያለክርክር የሚቀበለው አንድ ወጪ አለ፣ የደቻቱ ግንብ። የደቻቱ ወንዝ የአመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይዘረጋበታል፣ ጎርፍ የሚያመጣው ዝናብ ግን እዚህ ሳይሆን ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ነው የሚዘንበው። በ1998 ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ጨረሰ፣ በሺ የሚቆጠረውን ደግሞ ቤት አልባ አደረገ። ከዛ በኋላ የወንዙ ዳር ግንብ ተሰራ፣ የማስጠንቀቂያ ስርአትም ተዘረጋ፣ የማን ወገን ቢሮ ሰራው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ግንቡ ግን ጥገና ይፈልጋል፣ ወንዙ ውስጥ የሚደፋው ቆሻሻና ደለል መጠረግ አለበት፣ ይሄ ደግሞ መደበኛ በጀት ነው፣ በየአመቱ የሚጠየቅ፣ ፎቶ የማይወጣለት። ነሐሴ ላይ ማታ ማታ ደንገጎ አናት ላይ ሲጠቁር ደቻቱ ዳር ያሉ እናቶች አሁንም ፍራሹን ቁምሳጥን ላይ ያወጣሉ።