ድምፁ የማይረብሽ የቧንቧ ቫልቭ እንዴት ይነደፋል?

ሌሊት አንዱ ተነስቶ ቧንቧ ሲከፍት ከግድግዳው ማዶ የተኛው ይነቃል። ብዙ ሰው «ውሃ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ያልፈዋል። ግን ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር አለ። ድምፁን በዋናነት የሚወስነው ውሃው የሚያልፍባት ጠባብ መንገድ እንዴት እንደተቀረጸች ነው፤ ያ ደግሞ የነዳፊው ሥራ ነው።

ቫልቭ የምንለው ከእጀታው ሥር ተቀምጦ ውሃውን የሚከፍተውን፣ የሚዘጋውንና የሚመጥነውን ክፍል ነው። ከመስመሩ የሚመጣው ውሃ ግፊት አለው፤ ቤት ውስጥ ጥቂት ባር ይሆናል (ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ 1 ባር 100 ኪሎፓስካል ነው)። ከቧንቧው አፍ ሲወጣ ግን ግፊቱ ከአካባቢው አየር ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ግፊት መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት፤ አብዛኛው የሚያልቀው ቫልቩ ውስጥ ባለው ማነቆ ላይ ነው። የሚያልቀው ጉልበት ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይቀየራል። በጣም ትንሿ ክፍል ድምፅ ትሆናለች። እንቅልፍ የምትነሳው ያቺ ትንሽ ክፍል ናት።

ቁጥሩን እንየው። 3 ባር ግፊት በአንድ ማነቆ ላይ ቢወድቅ ውሃው በዚያች ቦታ በሰከንድ ወደ 24 ሜትር ይፈጥናል። በመስመሩ ውስጥ ግን ሲመጣ የነበረው በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜትር ነበር። እንዲህ የተፈተለከ ውሃ ከማነቆው ሲወጣ ዝግ ካለው ውሃ ጋር ይላተማል፣ ይሽከረከራል፣ ይናወጣል፣ ግድግዳውንም ይመታል። ፈሳሽ ከጠንካራ አካል ጋር ሲላተም የሚወጣው የድምፅ ኃይል በግምት ከፍጥነቱ 6ኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የድምፁ ኃይል 64 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው፤ በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል 18 ገደማ ይጨምራል። ከዚህ የምንማረው ነገር ቀላል ነው፦ ፍጥነቱን ትንሽ መቀነስ ድምፁን ብዙ ይቀንሳል።

ሁለተኛው የድምፅ ምንጭ ከዚህም ይከፋል። ካቪቴሽን ይባላል። ውሃ ማነቆ ውስጥ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ወደ እንፋሎት የሚቀየርበት ግፊት 2.3 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ የአየሩ ግፊት ደግሞ በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ገደማ። ማነቆው ውስጥ ግፊቱ እስከ 2.3 ኪሎፓስካል ድረስ ከወረደ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። ደቃቅ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ትንሽ አለፍ ብለው ግፊቱ ሲመለስባቸው ደግሞ በቅጽበት ይፈርሳሉ። አረፋ ሲፈርስ ዙሪያው ያለው ውሃ ወደ መሀል ይወረወርና እጅግ ከፍተኛ ግፊት በጣም ትንሽ ቦታ ላይ ይፈጥራል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1917 ያሰላው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ፍንዳታዎች ሲደራረቡ ያንን የምናውቀውን «ሽሽሽ» የሚል ኃይለኛ ድምፅ ያወጣሉ፤ ዕድሜው ሲገፋም ብረቱን ይበላሉ። ሙቅ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይፈላል፦ በ60 ዲግሪ የእንፋሎቱ ግፊት ወደ 20 ኪሎፓስካል ይደርሳል። ስለዚህ ቀዝቃዛውን ብቻ ሞክሮ «ቧንቧው ዝም ያለ ነው» ማለት አይበቃም።

ሦስተኛው መንቀጥቀጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 በእንግሊዟ የሮዘራም ከተማ የነበረው የጌስት ኤንድ ክራይምስ ፋብሪካ በብሎን እየዞረ የሚዘጋውን ቧንቧ በፓተንት አስመዘገበ፤ እስከ ዛሬ ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። እጀታው ሲዞር ብሎኑ ይወርድና ጎማውን መቀመጫው ላይ ይጫነዋል። አሠራሩ ድንቅ ነው፤ ቀላል ነው፣ ይጠገናል። ግን ጎማው የተያዘበት ክፍል ከላላ፣ ወይም የብሎኑ ጥርስ ካለቀ፣ የሚያልፈው ውሃ ጎማውን ወደ ላይና ወደ ታች ያርገበግበዋል። ያኔ ቧንቧው ያጓራል። አንዳንዴ መስመሩ ሁሉ አብሮ ይጮኻል፤ ሰውም ቧንቧው የተሰበረ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ አንዲት ጎማ ናት።

አራተኛው ምት ነው። የሚሄድ ውሃ በድንገት ሲቆም እንቅስቃሴው ወደ ግፊት ይቀየርና መስመሩን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሞስኮ ውስጥ አጥንቶ ያወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል፦ የውሃው ጥግግት፣ በቱቦው ውስጥ ያለው የድምፅ ፍጥነትና የጠፋው የውሃ ፍጥነት ሲባዙ የሚጨምረውን ግፊት ይሰጣሉ። በብረት ቱቦ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ በቅጽበት ቢቆም ከ10 ባር በላይ ይጨምራል። «ድም!» የሚለው ያ ነው።

አሁን ወደ ንድፉ እንምጣ።

ዋናው ብልሃት ግፊቱን በአንድ ቦታ አለመጣል ነው። ከፎቅ በአንድ ጊዜ መዝለልና በደረጃ መውረድ እንደሚለያዩት ነው። 3 ባሩን በሦስት ማነቆዎች፣ በእያንዳንዱ 1 ባር እያደረግን ብናወርደው፣ በየማነቆው ያለው ፍጥነት ከ24 ወደ 14 ሜትር ይወርዳል። በ6ኛ ርቢው ሕግ ሲሰላ የእያንዳንዱ ማነቆ የድምፅ ኃይል የመጀመሪያው 1/27ኛ ብቻ ይሆናል፤ ሦስቱ ተደምረው እንኳ 1/9ኛው ናቸው። ከ9 እስከ 10 ዴሲቤል መሆኑ ነው፣ ለጆሮ በጣም ይታወቃል። ይህ የወረቀት ስሌት ነው፤ እውነተኛ ቫልቭ ውስጥ ማነቆዎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ የአንዱ ነውጥ ሌላውን ይረብሻል፣ ስለዚህ በመካከላቸው ውሃው የሚረጋጋበት ቦታ መተው ያስፈልጋል። በተለይ የመጨረሻው ማነቆ ከቫልቩ በኋላ ቢመጣ ጥቅሙ እጥፍ ነው፦ ከኋላው የሚይዝ ግፊት ስለሚፈጥር ቫልቩ ውስጥ ያለው ግፊት እስከ መፍላት አይወርድም። ቧንቧው አፍ ላይ የምትታሰረዋ አየር የምትቀላቅል ወንፊት ይህንን ሥራ በከፊል ትሠራለች። ብዙ ሰው ውሃ ለመቆጠብ ብቻ የገባች ይመስለዋል።

ከዚያ ቀጥሎ ቅርጹ ይመጣል። ስለታም ጠርዝ ውሃውን ከግድግዳው ያላቅቀዋል፤ በተላቀቀበት ቦታ ሽክርክሪት ይፈጠራል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ጠርዙን ማለስለስና ማክበብ፣ መታጠፊያውን ዘና ማድረግ፣ ከማነቆው በኋላ ያለውን መንገድ ቀስ በቀስ ማስፋት፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋ አላቸው። ሌላው መንገድ አንዱን ትልቅ ፍሰት ወደ ብዙ ደቃቅ ፍሰቶች መከፋፈል ነው። ትናንሽ ፍሰቶች የሚያወጡት ድምፅ ቀጭን ነው፤ ሽክርክሪቶቹም ትናንሽ ስለሆኑ ቶሎ ይሞታሉ። ለዚህ ነው አንዳንድ የቫልቭ ካርትሪጆች (ተነቅለው የሚቀየሩ የቫልቩ ውስጠኛ ክፍሎች) ውስጥ የንብ ቀፎ የመሰለ ወይም መረብ የመሰለ ነገር የሚገባው።

ዛሬ በአዳዲስ ቧንቧዎች ውስጥ የበዛው የሴራሚክ ዲስክ ነው። ሁለት ጠፍጣፋና እጅግ የለሰለሱ ዲስኮች፣ ብዙ ጊዜ ከአልሙኒየም ኦክሳይድ የተሠሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ቀዳዳዎቻቸው ሲገጣጠሙ ውሃ ያልፋል። የሚርገበገብ ጎማ ስለሌለ የማጓራቱ ችግር ጠፋ። ግን ሌላ መጣ። ዲስኩ በትንሹ ሲከፈት የሚፈጠረው ክፍተት ቀጭንና ስለታም ጠርዝ ያለው ነው፤ ካቪቴሽን የሚወደው ዓይነት ቦታ። በዚያ ላይ ብዙዎቹ በሩብ ዙር ስለሚዘጉ ውሃውን በድንገት ማቆም ቀላል ሆነ፣ ምቱም ተመለሰ። ለዚህ ጥሩው መልስ የቀዳዳው ቅርጽ ነው። ክብ ቀዳዳ ከመሆን ይልቅ ወደ አንድ ጫፍ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ በመዝጊያው መጨረሻ ላይ ፍሰቱ ቀስ እያለ ያልቃል። እጅ ቢቸኩልም ውሃው አይቸኩልም። እኔን ከጠየቃችሁኝ አንድ ነዳፊ ጊዜውን ማጥፋት ያለበት እዚህች ቅርጽ ላይ ነው።

ሁሉም ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። መረቡ ደቃቅ በሆነ ቁጥር በአሸዋና በኖራ ቶሎ ይደፈናል። ማነቆው በበዛ ቁጥር የሚወጣው ውሃ ይቀንሳል፤ የመስመሩ ግፊት ዝቅ ያለበት ቤት ውስጥ ዝም ያለው ቧንቧ ባልዲ ለመሙላት ዘመን ይፈጃል። መረቡ ሊወጣና ሊታጠብ የሚችል መሆን አለበት። ይህን የሚዘነጋ ንድፍ በቤተ ሙከራ ያሸንፋል፣ ቤት ውስጥ ግን ይሸነፋል።

መለኪያም አለው። አይሶ 3822 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ቧንቧን በቤተ ሙከራ እንዴት መለካት እንደሚገባ ይደነግጋል። ቧንቧው ከሙከራ ግድግዳ ጋር በተያያዘ መስመር ላይ ይታሰራል፣ ድምፁ የሚለካው ግን በሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ውጤቱ ድምፁ አስቀድሞ ከታወቀ የማነጻጸሪያ መሣሪያ ጋር ይተያያል። በአውሮፓ ደረጃዎች መሠረት በ3 ባር ግፊት እስከ 20 ዴሲቤል የሚያወጣ ቧንቧ ምድብ 1 ይባላል፤ ከ20 በላይ እስከ 30 የሆነው ምድብ 2 ነው።

ልኬቱ በሌላ ክፍል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቧንቧው ራሱ ትንሽ አካል ስለሆነ ወደ አየር ብዙ ድምፅ አይረጭም። ውሃው ግን ድምፅን በሰከንድ ወደ 1,480 ሜትር ያደርሳል፤ ቱቦውም ይንቀጠቀጥና ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። ግድግዳው እንደ ከበሮ ቆዳ ነው፣ ሰፊ ስለሆነ ይሰማል። ለዚህ ነው ቱቦው ግድግዳውን በቀጥታ እንዳይነካ ጎማ ባለው ማቀፊያ መያዝ ያለበት፤ ግድግዳ ላይ የሚታሰሩ ሚክሰሮች (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅሉ ቧንቧዎች) ቱቦው ጋ የሚገናኙበት ቦታ ላይም ድምፅ የሚቀንስ ማስገቢያ ይገባል። ከሁሉም በፊት ግን የቤቱ ግፊት ይለካ። ከ5 ባር በላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግፊት መቀነሻ ነው።

የጠብታው «ጠብ» ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ድምፁ የሚመጣው ጠብታው ውሃ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ከምትታገተው ደቃቅ የአየር አረፋ ነው። አረፋዋ ስትርገበገብ የውሃውን ገጽ ይዛው ትርገበገባለች። ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ውሃው ላይ ቢጨመር ድምፁ ይጠፋል።

ቤት ያለውን ቧንቧ በጆሮ መመርመር ይቻላል። በትንሹ ሲከፈት ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ጥፋቱ የማነቆው ጠርዝ ነው ወይም ግፊቱ በዝቷል። የሚያጓራና እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጎማው ወይም ጥርሱ አልቋል። ሲዘጋ የሚመታ ከሆነ ቀስ ብሎ መዝጋት ለጊዜው ይረዳል፤ ዘላቂው ግን ቱቦውን በደንብ ማሰርና የምት ማብረጃ ማስገባት ነው። ከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ አንድ ዓይነት «ሽሽ» የሚል ከሆነ መጀመሪያ ወንፊቷን ፈትቶ ማጠብ፤ ካልተሻለው ካርትሪጁን መቀየር።