«ሁሉንም ግደሏቸው፤ ጌታ የራሱን ያውቃል»

የፈረንጅ አባባል ነው። ሲሰሙት የወሮበላ ንግግር ይመስላል። ተናገሩት የሚባሉት ግን መነኩሴ ናቸው፤ ያውም የትልቅ ገዳም አበ ምኔት።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ጥፋተኛውን ከንጹሑ መለየት ሲታክት ሁሉንም ባንድ ላይ መምታት፣ ማጣራቱን ለሰማይ መተው። ዛሬ ለቀልድም ይነገራል። ዕቃ ጠፍቶ አለቃው የሠራተኛውን ሁሉ ደመወዝ ሲቆርጥ፣ አንድ ተማሪ አፏጭቶ መምህሩ ክፍሉን በሙሉ ሲያንበረክክ ይሠራል። ከቬትናም ጦርነት ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ ወታደሮች ቲሸርት ላይ ታትሞ ታይቷል። እኛ ጋ የሚቀርበው «በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል» ነው። ግን አንድ አይደሉም። የእኛው ለእርጥቡ እንጨት ያዝናል። የፈረንጁን የሚናገረው ክብሪቱን የያዘው ሰውዬ ነው።

ታሪኩ የተፈጸመው ደቡብ ፈረንሳይ፣ ቤዝዬ ከተማ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በአካባቢው ካታር የሚባሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። የሚታየው ዓለም የክፉ ኃይል ሥራ ነው ይላሉ፤ የካቶሊክን ካህንና ምሥጢራት አይቀበሉም። ሮም ሰባኪ ላከች፤ ብዙም አልያዘላትም። ጃንዋሪ 1208 የሮሙ ጳጳስ ልዑክ ፒየር ደ ካስቴልኖ ተገደሉ። ጳጳሱ ኢኖሰንት 3ኛ የመስቀል ጦርነት አወጁ። ለዘመተው ኢየሩሳሌም ለሚዘምቱት የሚሰጠው የኃጢአት ስርየት ተፈቀደለት። የዘመቻው የበላይ መሪ የሲቶ ገዳም አበ ምኔት አርኖ አማልሪክ ሆኑ።

ካህን ጦር ይመራል እንዴ? በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ካህን ደም አያፈስም። በ1215 የላተራን 4ኛ ጉባኤ ካህናት የሞት ፍርድ እንዳይሰጡ፣ ቅጣቱ ሲፈጸም እንኳ እንዳይገኙ፣ ቅጥረኛ ወታደር እንዳያዙ ደንግጓል። ክልከላው ግን ቀዳዳ አላጣም። ካህኑ ይሰብካል፣ ይባርካል፣ አብሮ ይዘምታል፤ ሰይፉን የሚመዘው ሌላው ነው። አንዳንዶቹማ ይህም አልያዛቸውም። የቦቬው ጳጳስ ፊሊፕ በ1214 ቡቪን ጦርነት ላይ የእንግሊዙን ንጉሥ የአባት ልጅ በዱላ መትተው ጥለውታል። ዱላ ነዋ፣ ሰይፍ አይደለም!

ወደ ቤዝዬ እንመለስ። ጁላይ 22 ቀን 1209፣ የመግደላዊት ማርያም በዓል ዕለት ነው። ጦሩ ከከተማዋ ውጭ ሰፍሯል። የከተማዋ ጳጳስ መናፍቅ የተባሉ ከ200 በላይ ሰዎች ስም የሰፈረበት ዝርዝር ይዘው ገብተው፣ «ወይ እነዚህን አስረክቡ፣ ወይ ካቶሊኮቹ ትታችሁ ውጡ» ብለው ነበር። ሕዝቡ እምቢ አለ። ጎረቤቱን አሳልፎ አልሰጠም። ከዚያ በር ላይ ግጭት ተነሣ። የዘመቻው መኳንንት ገና ሲመካከሩ ጦሩን ተከትሎ የመጣው ጭፍራ ሰብሮ ገባ። ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉት እንኳ አልተረፉም፤ የበዓሉ ባለቤት የመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር። ከተማዋም ነደደች።

አበ ምኔቱ ለሮሙ ጳጳስ ለኢኖሰንት በጻፉት ደብዳቤ ማዕረግ፣ ዕድሜና ጾታ ሳይለይ ወደ 20,000 ሰው በሰይፍ አለቀ ይላሉ። የታሪክ ሰዎች ቁጥሩ ተጋኗል ባዮች ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ቁጥሩ አይደለም። ሰው ሬሳ የሚያጋንነው ሲኮራበት ነው።

አባባሉስ? ደብዳቤው ውስጥ የለም። የተገኘው ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ቄሳርዮስ የሚባል የጀርመን መነኩሴ በላቲን በጻፈው መጽሐፍ ነው፤ የዚያው የሲቶ መነኮሳት ማኅበር ሰው። ወታደሮቹ «አባታችን፣ ምን እናድርግ? ደጉን ከክፉው መለየት አልቻልንም» ብለው ጠየቁ። አበ ምኔቱም ሞትን ፈርተው ካቶሊክ ነን ይላሉ፣ ነገ ይመለሱበታል ብለው ስለሠጉ ይህን መለሱ፣ ይላል። ግን እሱም «ብለዋል ይባላል» ነው ያለው። በእኛ «አሉ» እንደ ማለት። እኔም ጥርጣሬ አለኝ። ጭፍራው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ከገባ፣ ማን ቆሞ ይጠይቃል? የደብዳቤውን ቃና ላየ ግን አፋቸው ላይ ቢያስቀምጡት አይገርምም።

«ጌታ የራሱን ያውቃል» የሚለው ግማሽ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 19። ጥቅሱ እዚያ አያበቃም። ወዲያው ተከትሎ የጌታን ስም የሚጠራ ሁሉ ከዓመፅ ይራቅ ይላል። ይቺ ግን አባባሉ ውስጥ አልገባችም።

አርኖ በ1212 የናርቦን ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። የናርቦን መስፍን የሚለው ማዕረግ የኔ ነው፣ የኔ ነው በሚል ከዘመቻው የጦር አዛዥ ከሲሞን ደ ሞንፎር ጋር ተጣሉ። በ1216 አወገዙት። እዚህ ላይ ግን መለየት አላቃታቸውም፤ በስሙ ጠርተው ነው።