ማዳም ዱ ባሪ የመለሰቻቸው ሥዕሎች

ኒውዮርክ ያለው ፍሪክ ሙዚየም ውስጥ ግድግዳው ዙሪያውን በአትክልት ቦታ የተሸፈነ አንድ ክፍል አለ። ዛፍ፣ ጽጌረዳ፣ የድንጋይ ሐውልት፣ ሐር የለበሱ ወጣቶች። ሥዕሎቹ በአንድ ላይ «የፍቅር ጉዞ» ይባላሉ፤ የሣላቸው ፈረንሳዊው ዣን ኦኖሬ ፍራጎናር ነው። ዛሬ ሰው ወረፋ ይዞ ከሚያያቸው ከእነዚህ ሥዕሎች ዋናዎቹ አራቱ መጀመሪያ ያዘዘቻቸው ሴትዮ አልፈልግም ብላ የመለሰቻቸው ናቸው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ባለጸጋ እንዲህ ዓይነት ሥዕል የሚያዝዘው ለአንድ ለታወቀ ግድግዳ ነው። ቁመቱ፣ ስፋቱ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ፣ መስታወቱ የት እንደሚሰቀል ቀድሞ ይታወቃል። ርዕሱም ቀለል ይላል፤ እንግዶች እየበሉና እየተጫወቱ የሚያዩት ነገር ስለሆነ እዚያ ላይ የጦር ሜዳ ማን ይፈልጋል? አትክልት ቦታ ውስጥ የሚዝናኑ ጥንዶችን መሣል ፋሽን ያደረገው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዋቶ ነው። የፓሪሱ የሥነ ጥበብ አካዳሚ በ1717 በዚሁ ዓይነት ሥዕል አባል አድርጎ ተቀብሎታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፍራጎናር የመጣው ከእሱ በኋላ ነው። በ1732 ግራስ ከተማ ተወለደ፣ ሠዓሊው ቡሼ ዘንድ ተማረ፣ ከዚያ ጣሊያን ሄዶ ቲቮሊ ያለውን የቪላ ዴስቴን የአትክልት ቦታ ሲነድፍ ከረመ። የእሱ ዛፎች ያለ ልክ የሚገዝፉት ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

ሥዕሎቹን ያዘዘችው ማዳም ዱ ባሪ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 15ኛ የመጨረሻዋ ቅምጥ ነበረች። ሉቭሲየን በሚባል ቦታ፣ ከሴን ወንዝ በላይ፣ ክሎድ ኒኮላ ለዱ የሚባል አርክቴክት አንድ ትንሽ የመዝናኛ ቤት ሠራላት። በ1771 ተመረቀ፤ ንጉሡም ተገኝተዋል። ለሳሎኑ አራት ትልልቅ ሥዕሎች ፍራጎናር ታዘዘ። እያንዳንዳቸው ወደ 3.2 ሜትር የሚጠጋ ቁመት አላቸው፣ ስፋታቸው ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ ነው።

አንዱ ላይ ልጁ አበባ ይዞ ሲመጣ ልጅቷ ደንግጣ ልታመልጥ ትላለች። ሌላው ላይ ቀይ የለበሰው ልጅ በመሰላል አጥሩን ዘሎ ሊገባ ነው፤ እሱና ልጅቷ ግን እርስ በርስ አይተያዩም፣ ሰው መጣ አልመጣ ብለው ወደ ጎን እያዩ ነው። ሦስተኛው ላይ ሐውልት ሥር ተቃቅፈው ተቀምጠው ደብዳቤ ያነባሉ፣ አጠገባቸው ውሻ ተኝቷል። አራተኛው ላይ ልጅቷ ለልጁ የአበባ አክሊል ስትደፋለት አንድ ሠዓሊ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ እነሱኑ ይነድፋል። ሰዎቹ የሚይዙት የሸራውን የታችኛውን ክፍል ነው። ከላይ ያለው በሙሉ ቅጠልና ሰማይ ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ቅጠሉ በጥድፊያ የተነካ ብሩሽ ብቻ ነው፤ ራቅ ስትሉ ደግሞ ነፋስ የገባበት ዛፍ ይሆናል።

ለምን ተመለሱ? ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ጥንዶቹ ንጉሡንና እሷን ስለሚመስሉ አፍራ ነው የሚሉ አሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላው ነው፦ የለዱ ቤት በጊዜው አዲስ በነበረው፣ የግሪክና የሮም ቤቶችን በሚከተል ቀጥ ያለ ስልት የተሠራ ነው፤ የፍራጎናር ሥዕል ደግሞ ሮኮኮ የሚባለው፣ መወዛወዝና ጌጥ የሚወድ የቀድሞው ስልት ነው። ፋሽን አልፎበት ነበር ማለት ነው። በምትኩ ጆዜፍ ማሪ ቪየን የሚባል ሠዓሊ የግሪክ ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች ሣለላት፣ እሷም ሰቀለቻቸው። ዛሬ ከቪየን ሥዕሎች ሁለቱ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ አሉ። ብዙ ሰው ግን ቆሞ አያያቸውም።

ፍራጎናር አራቱን ሸራዎች ለዓመታት አስቀመጣቸው። የፈረንሳይ አብዮት ከፈነዳ በኋላ በ1790 ጠቅልሎ ወደ ግራስ ወሰዳቸውና የአጎቱ ልጅ ቤት ሳሎን ውስጥ ሰቀላቸው። ግድግዳው ሰፋ ስላለ አሥር ተጨማሪ ሣለ፤ ሁለት ትልልቅ፣ አራት ከበር በላይ የሚሰቀሉ፣ አራት ደግሞ ረጃጅም አበባ ብቻ ያለባቸው ጠባብ ሸራዎች። ድምሩ 14 ነው። ዱ ባሪ በበኩሏ በ1793 በጊሎቲን አንገቷ ተቆረጠ።

ሥዕሎቹ መቶ ዓመት ያህል ግራስ ቆዩ። በ1898 የባንክ ሀብታሙ ጄ.ፒ. ሞርጋን ገዛቸውና ለንደን ቤቱ ሰቀላቸው። እሱ ሲሞት ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ በ1915 በ1.25 ሚሊዮን ዶላር ወሰዳቸው፣ ኒውዮርክ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሳሎንም በእነሱ ልክ አስተካከለ። ቤቱ በ1935 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ግራስ ላይ ዛሬ የሚታየው ቅጂ ነው።

ቅደም ተከተላቸው ላይም ስምምነት የለም። አክሊሉ መጨረሻ ነው የሚል አለ፣ ደብዳቤው ነው የሚልም አለ። ለእኔ ደብዳቤው ይመጣል መጨረሻ፤ ሁለቱ ተረጋግተው የድሮ ደብዳቤያቸውን እያነበቡ ነው፣ አጥር የሚዘልም የሚሮጥም የለም።