በጥያቄ ዓይነት መለማመድ ምንድን ነው?

በጥያቄ ዓይነት መለማመድ ማለት፣ ለኦንላይን ኩዊዝ ወይም ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ አንዱን የትምህርት ነጥብ በእውነት ወይም ሐሰት፣ በምርጫ፣ በአዛምድ፣ በባዶ ቦታ ሙላና በአጭር መልስ እያገላበጠ ራሱን የሚጠይቅበት የአጠናን ስልት ነው። ደብተርን ደጋግሞ ከማንበብ የሚለየው ጥናቱ ከመጀመሪያው በመጠየቅና በመመለስ ላይ መመሥረቱ ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ የሰሜን ሸዋ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ መወለዳቸውን የደብረ ብርሃን ተማሪ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ አድጓል። ነገር ግን ጥያቄው «ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት በአንኮበር ነው፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ተብሎ ሲመጣ፣ አንኮበር ከንጉሡ ስም ጋር በጣም የተያያዘ ስለሆነ የቸኮለ ተማሪ «እውነት» ብሎ ያልፋል። በምርጫ መልክ አንኮበር፣ አንጎለላ፣ ደብረ ብርሃንና ልቼ ቢደረደሩ፣ አራቱም ከሸዋ ቤተ መንግሥት ታሪክ ጋር የተሳሰሩ ስለሆኑ መልሱን የሚያገኘው ለይቶ የሚያውቅ ብቻ ነው። ባዶ ቦታ ሙላ ላይ ደግሞ ከፊት የተቀመጠ ስም ስለሌለ፣ ቦታው ከራስ ትዝታ መውጣት አለበት። በቅደም ተከተል አስቀምጡ ከተባለስ? የንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የእንግሊዝ ውል በ1834 ዓ.ም. እንደተፈረመ የማያውቅ ተማሪ፣ የምኒልክን የልደት ዓመት በቃሉ ቢይዝም የትኛው እንደሚቀድም መናገር አይችልም። የእውቀቱ ነጥብ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከተማሪው የሚፈለገው ሥራ ግን በእያንዳንዱ ዓይነት የተለያየ ነው፤ አይቶ መለየትና ሳያዩ ማስታወስ አንድ አይደሉም።

በግምት የማግኘት ዕድልም እንዲሁ ይለያያል። እውነት ወይም ሐሰት ላይ ዕድሉ 50 በመቶ፣ ባለ አራት አማራጭ ምርጫ ላይ 25 በመቶ ነው። አምስት ነገሮችን ከአምስት ጋር የሚያዛምድ ጥያቄ ግን 120 ዓይነት አደራደር ስላለው፣ ሁሉንም በግምት ማግኘት ከ120 አንድ ነው። ስለዚህ በእውነት ወይም ሐሰት ልምምድ ብቻ ከአሥሩ ሰባት ያገኘ ተማሪ ትምህርቱን ይዣለሁ ብሎ መተማመን የለበትም።

ራስን መጠየቅ ከንባብ እንደሚልቅ በጥናት ታይቷል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በልጠው ተገኙ፤ ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ 42 በመቶ ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ አስታወሱ። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሲያነብ የሚያድር ተማሪ ሁሉንም የያዘ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

በእኔ አስተያየት ልምምዱ ከከባዱ መጀመር አለበት፤ መጀመሪያ አጭር መልስና ባዶ ቦታ፣ ከዚያ አዛምድ፣ በመጨረሻ ምርጫ። ብዙ ተማሪ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ የቀደሙ ዓመታት ምርጫዎችን ይዞ «መልሱ ሐ ነው» እያለ ፊደሉን ይሸመድዳል። የምርጫ ልምምድ ሌላም አደጋ አለው፤ እርማቱ ወዲያው ካልታየ የተሳሳተው አማራጭ እንደ ትክክለኛ መልስ በአእምሮ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ መልሱን ማየት ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎቹ ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይጠቅማል።

ኦንላይን መሆኑ የሚያመጣቸው የራሱ ጉዳዮች አሉ። በብዙ ሥርዓቶች ክብ ምልክት አንድ መልስ ብቻ፣ አራት ማዕዘን ምልክት ደግሞ ከአንድ በላይ መልስ እንደሚቻል ያመለክታል፤ ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ከሁለት ትክክለኛ መልሶች አንዱን ብቻ ነክቶ ያልፋል። በአማርኛ አጭር መልስ ሲጻፍ ደግሞ ፊደል ራሱ ያስቸግራል። ኮምፒውተሩ መልሱን ከተሰጠው ቃል ጋር ፊደል በፊደል የሚያስተያይ ከሆነ፣ መምህር በወረቀት ላይ የሚያልፈው የ«ፀሐይ» እና የ«ጸሀይ» ልዩነት ነጥብ ሊያስቀንስ ይችላል። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው፤ የምኒልክን የልደት ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጠይቆ 1836 ብሎ የመለሰ ተማሪ፣ ታሪኩን እያወቀ 1844 ባለማለቱ ነጥቡን ያጣል።

ጉዳዩ ከክፍል ኩዊዝ አልፎ ሄዷል። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር እየተሰጠ ሲሆን ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል።

ኔትወርክ በማይገኝበት የመንዝ ወይም የመርሐ ቤቴ ገጠር ያለ ተማሪም ልምምዱ አይቀርበትም። ሦስት ጓደኛሞች ከአንድ ምዕራፍ እያንዳንዳቸው በተለያየ ዓይነት አምስት አምስት ጥያቄ አውጥተው በወረቀት ቢለዋወጡ አብዛኛው ሥራ ይሠራል፤ እንዲያውም ጥያቄ ማውጣቱ ከመመለሱ ይልቅ ምዕራፉን ያስፈትሻል። ወረቀት የማይሰጠው ማውዙን፣ የፊደል መተየቢያውንና ሰዓት ቆጣሪውን ስለሆነ፣ ፈተናው ከመድረሱ በፊት አንድ ሁለት ጊዜ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል መሞከር ያስፈልጋል።